የሃይብሪድ መኪና ጥገና ፊዚክስ፦ ከግዢ በፊት ሊታወቅ የሚገባው

ሃይብሪድ መኪና ለመግዛት ያሰበ ሰው አስቀድሞ የሚያነሣው ጥያቄ ምንጊዜም አንድ ነው፤ በአንድ ሊትር ቤንዚን ስንት ኪሎ ሜትር ይሄዳል? ጥያቄው ተገቢ ነው። ነዳጅ በየጊዜው በሚወደድበት አገር ለሚኖር ሰው የሊትሩ ጉዳይ የወር አስቤዛ ጉዳይ ነው። ይሁን እንጂ ከዚህ ጥያቄ እኩል፣ እንደ እኔ አመለካከት እንዲያውም ቀድሞ፣ ሊነሣ የሚገባው ሌላ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም «መኪናው የተበላሸ ዕለት ማን ይከፍተዋል?» የሚለው ነው። ይህ ጥያቄ መልስ ሳያገኝ የሚፈጸም ግዢ ገዢውን ለኪሳራ፣ መካኒኩን ደግሞ ለሞት አደጋ ሊያጋልጥ ይችላል። «ለሞት» የሚለው ቃል የተጋነነ የሚመስለው አንባቢ ቢኖር ጥቂት እንዲታገሠኝ እጠይቃለሁ፤ ስሌቱን አብረን እንሠራዋለን።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሃይብሪድ መኪናን ማጥላላት አይደለም። በሚገባ የተሠራና በሚገባ የተያዘ ሃይብሪድ መኪና የምሕንድስና ድንቅ ሥራ ነው። ዓላማው በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የምናውቃቸው የኦም ሕግ፣ የተከታታይ ሰርኪዩትና የካፓሲተር ትምህርት በጋራዥ ወለል ላይ የሰው ሕይወትንና የቤተሰብ ጥሪትን እንዴት እንደሚወስኑ ማሳየት ነው። ለምሳሌነት የተመረጠው እ.ኤ.አ. ከ2003 እስከ 2009 የተመረተው የሁለተኛው ትውልድ ቶዮታ ፕሪየስ ነው። የመረጥነውም አሠራሩ በሰፊው የታወቀና የተጠና ስለሆነ፣ ያገለገሉ መኪኖች በሚገዙባቸው አገሮችም በብዛት የሚገኝ ስለሆነ ነው። ሌሎች ሃይብሪዶች በቁጥሮቹ ይለያያሉ እንጂ በመሠረተ ሐሳቡ ያው ናቸው።

ጉዳዩ በአገራችንም ጊዜያዊ አይደለም። መንግሥት በጥር 2016 ዓ.ም. ኤሌክትሪክ ያልሆኑ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን ካስታወቀ ወዲህ በከፍተኛ ቮልቴጅ የሚሠሩ መኪኖች በመንገዶቻችን ላይ በርክተዋል። ለሃይብሪድ የሚያስፈልገው የጥገና ዕውቀትና ጥንቃቄ ለእነዚህም የሚያስፈልግ ነው፤ እንዲያውም በእነርሱ ይብሳል።

ሞተሪኖና ዲናሞ የሌለው መኪና

ሃይብሪድ ማለት ድቅል ማለት ነው። መኪናው የቤንዚን ሞተርና የኤሌክትሪክ ሞተርን አጣምሮ ይይዛል። በፕሪየስ ውስጥ አንድ ባለ 1.5 ሊትር የቤንዚን ሞተር፣ ሁለት የኤሌክትሪክ ሞተር-ጄኔሬተሮች፣ እነዚህን ሦስቱን የሚያገናኝ የጥርስ ስብስብ፣ አንድ ከፍተኛ ቮልቴጅ ባትሪ፣ እንዲሁም በመካከላቸው ሆኖ ኤሌክትሪኩን የሚቀይር ኢንቨርተር አሉ። ነጂው ፍሬን ሲይዝ የኤሌክትሪክ ሞተሩ ወደ ጄኔሬተርነት ይለወጥና በተለመደው መኪና በፍሬን ሸራ ላይ ሙቀት ሆኖ የሚባክነውን ጉልበት ወደ ባትሪው ይመልሳል። የነዳጅ ቁጠባው አንዱ ምንጭ ይህ ነው።

ኮፈኑን የከፈተ መካኒክ ግን በመጀመሪያ የሚያስተውለው የጎደለውን ነው። ሞተሪኖ የለም፤ ዲናሞ የለም፤ ፍሪሲዮን የለም። የቤንዚኑን ሞተር የሚያስነሣው ከሁለቱ ሞተር-ጄኔሬተሮች አንዱ ሲሆን፣ የምናውቀው ባለ 12 ቮልት ባትሪም ከኋላ በዕቃ መጫኛው ጎን ተደብቆ የሚገኝና ከትልቁ ባትሪ በመቀየሪያ አማካይነት የሚሞላ ትንሽ ባትሪ ነው። መካኒኮቻችን ሞተርን በጆሮ አዳምጠው የትኛው ካንዴላ እንደሰነፈ የሚናገሩ፣ መለዋወጫ ከሶማሌ ተራ አፈላልገው የማይገጥመውን የሚያስገጥሙ ባለሙያዎች ናቸው። ይህ ክሂል በብዙ ዓመት ልምድ የተገኘ ስለሆነ ሊናቅ አይገባውም። ችግሩ ያ ሁሉ ልምድ የተገነባው 12 ቮልት ማንንም በማይገድልበት ዓለም ውስጥ መሆኑ ላይ ነው።

አንድ ቀላል ምሳሌ ላንሣ። በተለመደው መኪና ሞተሩ ዝም ካለ መኪናው ጠፍቷል። በሃይብሪድ ግን ዝምታ ምንም አያረጋግጥም። «ሬዲ» የሚለው መብራት እስከበራ ድረስ መኪናው ሥራ ላይ ነው፤ የባትሪው መጠን ዝቅ ሲል ወይም ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ኮምፒውተሩ ማንንም ሳያማክር የቤንዚኑን ሞተር ያስነሣል። እጁን ቺንጊያው አጠገብ ያኖረ ሰው ይህን ካላወቀ ጣቶቹን ሊያጣ ይችላል።

ሃያ ስምንት ሞጁሎች በአንድ ሰንሰለት

የሁለተኛው ትውልድ ፕሪየስ ባትሪ ኒኬል-ሜታል-ሃይድራይድ ከሚባለው ዓይነት ነው። እያንዳንዱ ሴል 1.2 ቮልት ይሰጣል። ስድስት ሴሎች በአንድ ሞጁል ውስጥ ተቀናጅተው 7.2 ቮልት ይሆናሉ፤ 28 ሞጁሎች ደግሞ በተከታታይ ተያይዘው 201.6 ቮልት ይሰጣሉ። የባትሪው አቅም 6.5 አምፔር-ሰዓት ስለሆነ በውስጡ የሚያከማቸው ጉልበት 201.6 በ6.5 ሲባዛ ወደ 1,310 ዋት-ሰዓት ገደማ ይመጣል።

ተማሪው እዚህ ላይ ማስታወስ ያለበት የተከታታይ ሰርኪዩትን ሕግ ነው፤ በሁሉም ክፍል የሚያልፈው ኮረንቲ እኩል ነው። 168ቱም ሴሎች አንድ ዓይነት ኮረንቲ ይሰጣሉ፣ አንድ ዓይነት ኮረንቲ ይቀበላሉ። በዚህም ምክንያት የሰንሰለቱን አቅም የሚወስነው ከሁሉም የደከመው ሴል ነው። የጥንት ሲራራ ነጋዴዎች ቅፍለታቸው የሚጓዘው በጠንካራዋ በቅሎ ሳይሆን በደካማዋ እርምጃ እንደሆነ ያውቁ ነበር። ባትሪም እንዲሁ ነው፤ ልዩነቱ የደከመችውን በቅሎ ጭነት አቅልሎ ማሳረፍ ሲቻል የደከመውን ሴል ግን ማሳረፍ አለመቻሉ ነው። ሌሎቹ ገና አቅም እያላቸው እርሱ ባዶ ሲሆን ኮረንቲው በግድ ያልፍበታል። በዚያን ጊዜ ፖላሪቲው ይገለበጣል፤ ይሞቃል፤ ጋዝ ያመነጫል፤ ዳግም የማይድን ጉዳትም ይደርስበታል።

የባትሪው ኮምፒውተር ሞጁሎቹን ሁለት ሁለት አድርጎ በ14 ጥንድ ይከታተላል። የአንዱ ጥንድ ቮልቴጅ ከሌሎቹ ከተወሰነው መጠን በላይ ሲለይ ባለ ሦስት ማዕዘን ቀይ ምልክት በዳሽቦርዱ ላይ ይበራል። ባለመኪናው ወደ ጋራዥ ይሄዳል። የጋራዡ ሰው ባትሪውን ከፍቶ የሞተውን ሞጁል በቮልት መለኪያ ያገኘዋል፤ ከሌላ መኪና የተፈታ ወይም አዲስ ሞጁል ይተካል፤ ምልክቱ ይጠፋል። ክፍያው ሙሉ ባትሪ ከመግዛት እጅግ ያነሰ ስለሆነ ሁለቱም ተደስተው ይለያያሉ። ከሳምንታት በኋላ ግን ምልክቱ ተመልሶ ይመጣል። ምክንያቱን በስሌት እንየው።

የአንድ አዲስ ሞጁል ውስጣዊ ሙግደት 20 ሚሊኦም፣ የአሮጌዎቹ ደግሞ በዕድሜ ምክንያት 40 ሚሊኦም ነው እንበል። መኪናው አቀበት ሲወጣ 50 አምፔር ቢወስድ በአዲሱ ሞጁል ውስጥ የሚወርደው ቮልቴጅ 50 × 0.020፣ ማለትም 1 ቮልት ይሆናል፤ በአሮጌዎቹ ውስጥ ግን 2 ቮልት ይሆናል። ስለዚህ ጭነት በበዛ ቁጥር አዲሱና አሮጌዎቹ ይራራቃሉ። ኮምፒውተሩ ተጠንቅቆ የሚጠብቀው ደግሞ ይህንኑ መራራቅ ነው። በዚህ ላይ የአቅም ልዩነት ይጨመራል። ከሰንሰለቱ 1 አምፔር-ሰዓት ቢወጣ፣ 6.5 አምፔር-ሰዓት ከሚይዘው አዲስ ሞጁል የተወሰደው ከአቅሙ 15 በመቶ ገደማ ሲሆን፣ አቅሙ ወደ 4 ከወረደው አሮጌ ሞጁል የተወሰደው ግን 25 በመቶ ነው። በመሆኑም አንዱ በጤና ክልል ሲንቀሳቀስ ሌላው በየዕለቱ እስከ ዳር ይገፋል።

ሁለተኛው ምክንያት የዕድል ስሌት ነው። የቀሩት ሞጁሎች ሁሉ አንድ ዓይነት ዕድሜ፣ አንድ ዓይነት ሙቀት ያሳለፉ ናቸው። እያንዳንዱ ሞጁል በሚመጣው አንድ ዓመት የመበላሸት ዕድሉ 2 በመቶ ብቻ ነው ብለን በልግስና እንገምት። ሁሉም ሳይበላሹ ዓመቱን የመጨረስ ዕድላቸው 0.98 ለ28 ጊዜ በራሱ ሲባዛ፣ ማለትም 0.57 ገደማ ነው። እንግዲያው ቢያንስ አንዱ የመበላሸት ዕድሉ 43 በመቶ ይሆናል። በተናጠል ሲታይ ኢምንት የሚመስል አደጋ በሰንሰለት ሲያያዝ ከሳንቲም ውርወራ ብዙም አይርቅም።

የሠለጠነ ባለሙያ ይህን ባትሪ እንዴት ይይዘዋል? እያንዳንዱን ሞጁል በጭነት ፈትኖ አቅሙን ይመዘግባል፤ ተቀራራቢ አቅም ያላቸውን ይመርጣል፤ ሁሉንም በእኩል ደረጃ ሞልቶ ያመጣጥናል፤ ይህ የማያዋጣ ከሆነም ሙሉው ባትሪ መቀየር እንዳለበት ለባለቤቱ በግልጽ ይነግረዋል። ሥራው ቀናትን የሚጠይቅና ትዕግሥት የሚፈትን ነው። ያልሠለጠነው ደግሞ ሌላ አቋራጭ አለው፤ ኮዱን በስካነር ማጥፋት። ኮድ ማጥፋት የበሽተኛውን ቴርሞሜትር ሰብሮ ትኩሳቱ በረደ እንደ ማለት ነው። ያገለገለ መኪና የሚገዛ ሰው በተለይ ሊጠነቀቀው የሚገባው ይህን ነው፤ ማለዳ የጠፋ ኮድ ከሰዓት በኋላ በሚደረገው የአንድ ሰፈር ሙከራ ላይመለስ ይችላል።

አቧራና ከፍታ

ባትሪው ከኋላ መቀመጫ ጀርባ ተቀምጦ በቬንትሌተር ይቀዘቅዛል። አየሩ የሚሳበው ከመኪናው ውስጥ፣ ከኋላ መቀመጫ ጎን ካለች ወንፊት መሳይ ቀዳዳ ነው። ቀዳዳዋን የሚያውቃት ባለመኪና ጥቂት ነው። ተሳፋሪ ጋቢውን ወይም ቦርሳውን ይጥልባታል፤ ያልተነጠፈ መንገድ ላይ የገባ አቧራም ከመቀመጫ ጨርቅ ብናኝ ጋር ተቀላቅሎ የቬንትሌተሩን ክንፎች ይለብሳል።

እዚህ ላይ ስለ አዲስ አበባ ከፍታ አንድ ነገር መጨመር እወዳለሁ፤ በአምራቾች መጽሐፍ ላይ እምብዛም አይገኝምና። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው ወደ 76 በመቶ ይወርዳል፤ በእኩል የሙቀት መጠን ሲታይ እፍጋቱም እንዲሁ። ቬንትሌተር በየሴኮንዱ የሚያንቀሳቅሰው የአየር ይዘት ያው ቢሆንም መጠነ-ቁሱ ግን በአንድ አራተኛ ያህል ይቀንሳል። ሙቀትን የሚሸከመው ደግሞ መጠነ-ቁሱ ነው። ስለዚህ በባሕር ወለል ላይ ባትሪውን አቋርጦ ሲወጣ በ12 ዲግሪ የሚሞቅ አየር እዚህ ያንኑ ሙቀት ለመሸከም በ16 ዲግሪ ገደማ መሞቅ ይኖርበታል። አቧራው የአየሩን ፍሰት በግማሽ ቢቀንሰው ልዩነቱ ወደ 32 ዲግሪ ያሻቅባል። የአዲስ አበባ ቀዝቃዛ አየር ይህን በከፊል ያካክሳል፤ ኮምፒውተሩም ቬንትሌተሩን ያፈጥናል። ወደ አዋሽ ወይም ወደ ድሬዳዋ የወረደ መኪና ግን የእፍጋቱን ኪሳራ በከፊል ቢያስመልስም የቀዝቃዛውን አየር ጥቅም ያጣል፤ አቧራውን ግን ይዞት ይወርዳል።

በባትሪው ውስጥ የሚፈጠረው ሙቀት የኮረንቲው ስኩዌር በሙግደቱ ሲባዛ የሚገኘው ነው። ከላይ በወሰድነው ምሳሌ፣ በ50 አምፔር በአዲስ ሞጁል ውስጥ 50 ዋት፣ በአሮጌው ውስጥ 100 ዋት ይፈጠራል። ሙቀቱ ያስረጃል፤ እርጅናው ሙግደቱን ያሳድጋል፤ ያደገው ሙግደት ደግሞ ሙቀቱን ይጨምራል። ይህን አዙሪት ለመስበር አንዳንድ ጊዜ የሚያስፈልገው ቬንትሌተሩን አውጥቶ በብሩሽ መጥረግ ብቻ ነው። የሁሉም ጥገና ርካሹ ይህ ሲሆን፣ የሚያውቀው ሰው በሌለበት ከተማ ግን አይሠራም።

ኮረንቲ

ሕዝባችን ኤሌክትሪክ የመታውን ሰው «ኮረንቲ ያዘው» ይላል። አባባሉ በፊዚክስ ዓይን ትክክል ነው፤ የሚገድለው በሰውነት ውስጥ የሚያልፈው ኮረንቲ ነውና። የሰውነትን ሙግደት ከእጅ ወደ እጅ ለስሌት እንዲመች 1,000 ኦም እንውሰድ። በ12 ቮልት የሚያልፈው ኮረንቲ 12 ሚሊአምፔር ነው፤ ደረቅ ቆዳ በዝቅተኛ ቮልቴጅ ሙግደቱ ከዚህ ብዙ እጥፍ ስለሚበልጥ በተግባር መካኒኩ ምንም አይሰማውም። በ201.6 ቮልት ግን 200 ሚሊአምፔር ገደማ ይሆናል። ይህ የልብን ምት ሊያውክ ከሚችለው ክልል ውስጥ ነው። የቆዳ ሙግደት ቮልቴጁ ሲያድግ የሚቀንስ መሆኑ ነገሩን ያከፋዋል፤ ላብና የቅባት ቆሻሻም የራሳቸውን ይጨምራሉ። በዚህ ላይ ኢንቨርተሩ የባትሪውን ቮልቴጅ ወደ ሞተሩ ከመላኩ በፊት እስከ 500 ቮልት ያሳድገዋል። ሽቦን ከሻንሲ ጋር ነካ አድርጎ ብልጭታ የማየት ልማድ በዚህ መኪና ላይ ቦታ የለውም።

የአምራቾች ጥንቃቄ ቀላል አይደለም። ከፍተኛ ቮልቴጅ የሚያልፍባቸው ኬብሎች ሁሉ ብርቱካናማ ቀለም ተቀብተዋል። መኪናው ሲጠፋ ሪሌዎች ባትሪውን ከቀረው ሰርኪዩት ይለያሉ። በባትሪው ሰንሰለት መካከልም በእጅ የሚነቀል ማቋረጫ መሰኪያ አለ። መሰኪያው ሲነቀል ሰንሰለቱ ለሁለት ይከፈላል፤ ሆኖም እያንዳንዱ ክፍል የራሱን ቮልቴጅ እንደያዘ ነው። ባትሪ የሚጠፋበት ቁልፍ የለውም።

ብዙዎች የማያውቁት ሌላው አደጋ በኢንቨርተሩ ውስጥ ያለው ካፓሲተር ነው። ባትሪው ቢለይም ካፓሲተሩ ቻርጁን ይዞ ይቆያል። ለምሳሌ የ1,000 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር በ500 ቮልት የሚይዘው ጉልበት ግማሽ በ0.001 በ500 ስኩዌር ሲባዛ፣ ማለትም 125 ጁል ነው። ይህን የሚያፈስ ሬዚስተር በትይዩ ይገጠምለታል። ሬዚስተሩ 50 ኪሎኦም ቢሆን የጊዜ ቋሚው 50 ሴኮንድ ነው፤ ከ500 ወደ 60 ቮልት ለመውረድ 106 ሴኮንድ ገደማ ይፈጃል፤ ከ5 ደቂቃ በኋላ ወደ 1 ቮልት ገደማ ይደርሳል። የጥገና መመሪያዎች መሰኪያውን ከነቀሉ በኋላ እንደ ሞዴሉ 5 ወይም 10 ደቂቃ ጠብቁ የሚሉት ከዚህ ዓይነት ስሌት ተነሥተው ነው። ነገር ግን ስሌቱ የሚሠራው ሬዚስተሩ ጤናማ ከሆነ ብቻ ነው። በግጭት ወይም በሙቀት ከተቆረጠ 5 ደቂቃ ቀርቶ ሰዓታትም ላይበቁ ይችላሉ። ስለዚህ የሠለጠነ ሰው ጠብቆ ብቻ አይነካም፤ ለ1,000 ቮልት በተመሰከረለት መልቲሜትር ይለካል፤ መልቲሜትሩ ራሱ በትክክል መሥራቱንም አስቀድሞ በሚታወቅ ቮልቴጅ ላይ ያረጋግጣል። የጎማ ጓንቱም እንዲሁ ለ1,000 ቮልት የተሠራ ሲሆን፣ ከማጥለቁ በፊት አየር ሞልቶ ጠቅልሎ ቀዳዳ እንደሌለው ይፈትሻል። የመርፌ ጫፍ የምታህል ቀዳዳ ጓንቱን ከንቱ ታደርገዋለች። ትምህርቴን በውጭ አገር በተከታተልኩበት ላቦራቶሪ ከፍተኛ ቮልቴጅ ወዳለበት ክፍል ብቻውን የሚገባ ሰው አልነበረም፤ ፕሮፌሰርም ቢሆን። ሁለተኛው ሰው የሚቆመው ለመርዳት ሳይሆን ማብሪያ ማጥፊያው አጠገብ ለመጠበቅ ነበር።

ከሁሉም የሚያታልለው ግን የሚከተለው ነው። የከፍተኛ ቮልቴጁ ሰርኪዩት ከሻንሲው ጋር በየትም አይገናኝም፤ ሁለቱም ዋልታዎች በኢ-አስተላላፊ ሽፋን ተለይተዋል። በዚህ ምክንያት ሽፋኑ ጤናማ በሆነ መኪና ላይ አንዱን ዋልታ ብቻ የነካ ሰው ምንም ላይሆን ይችላል። «ነካሁት፣ ምንም የለውም» ብሎ ይደመድማል። ይህ ሰው ያመለጠው በዕውቀቱ ሳይሆን በሽፋኑ ነው። ሌላ ቦታ ላይ ሽፋኑ የተጎዳ ዕለት ሻንሲው ራሱ ሁለተኛው ዋልታ ይሆናል፤ ያው መካኒክ ያንኑ ሽቦ ሲነካ ሰርኪዩቱ በእርሱ ላይ ይዘጋል።

ሽፋኑን የሚጎዳው ደግሞ ግጭት ብቻ አይደለም። የፕሪየስ የአየር ማቀዝቀዣ ኮምፕሬሰር በቺንጊያ ሳይሆን በከፍተኛ ቮልቴጅ የሚሽከረከር ሲሆን፣ ዘይቱ በውስጡ ያለውን ጥቅል ሽቦ ስለሚያጥበው ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ ልዩ ዘይት መሆን አለበት። ለተለመዱ መኪኖች የሚሞላው ዘይት በጥቂቱም ቢሆን ከተቀላቀለበት የሽፋኑ ሙግደት ይወርዳል። የመኪናው ኮምፒውተር ይህን ፍሳሽ ለክቶ ያስጠነቅቃል። ጋዝ ለመሙላት ብቻ የገባ መኪና በዚህ መንገድ ከሻንሲው ጋር የሚገናኝ ኮረንቲ ይዞ ይወጣል። ያንን ማስጠንቀቂያ በስካነር አጥፍቶ መኪናውን ማስረከብ ለሚቀጥለው መካኒክ ወጥመድ ማኖር ነው።

ትንሹ ባትሪና የተሳሳተው ፍርድ

ባለ 12 ቮልቱ ባትሪ ሲደክም ኮምፒውተሮቹ በቂ ቮልቴጅ ስለማያገኙ ዳሽቦርዱ በማስጠንቀቂያ መብራት ይሞላል፤ መኪናውም አልነሣ ይላል። ይህን ያየ ያልሠለጠነ ሰው «ትልቁ ባትሪ ሞቷል» ብሎ ይፈርዳል። በዚህ ፍርድ ምክንያት ባለመኪናው ትንሹን ባትሪ መቀየር ሲበቃው ለትልቁ ባትሪ ገንዘብ ሊያፈስ ይችላል። ከሌላ መኪና በኬብል ለማስነሣት ሲሞከርም ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ ቢገላበጡ ጉዳቱ በፊውዝ ላይ ላያበቃ ይችላል፤ ውድ የሆኑ የኤሌክትሮኒክስ ክፍሎችን ይዞ ሊሄድ ይችላል። በተለመደው መኪና በብልጭታና በድንጋጤ የሚያልፈው ስሕተት እዚህ የመኪናውን ዋጋ ከፍ ያለ ክፍል ያስከፍላል።

የማይጠራ መኪና

ጥገና በመፍቻ ብቻ የሚሠራበት ዘመን አልፏል። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2014 ቶዮታ ወደ 1.9 ሚሊዮን የሚጠጉ የሦስተኛ ትውልድ ፕሪየስ መኪኖችን ጠርቶ ነበር። ምክንያቱ ቮልቴጁን የሚያሳድገውን ክፍል የሚቆጣጠረው ሶፍትዌር አንዳንድ ትራንዚስተሮችን ከመጠን በላይ ሊያሞቅና ሊያበላሽ የሚችል መሆኑ ነው፤ መኪናው ኃይሉን ሊቀንስ፣ አልፎ አልፎም በመንገድ ላይ ሊቆም ይችል ነበር። መፍትሔው የሶፍትዌር ለውጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2018 ደግሞ ከዚሁ ጉዳይ ጋር በተያያዘ ወደ 2.4 ሚሊዮን ለሚሆኑ ሃይብሪዶች ሁለተኛ ጥሪ ተደረገ።

እንግዲህ ጥሪው የሚደርሰው በወኪል ለተሸጠና ለተመዘገበ መኪና ነው። ከአንድ አገር አገልግሎ፣ በሌላ አገር ነጋዴ እጅ አልፎ፣ በመርከብ ሦስተኛ አገር የደረሰ መኪና ባለቤቱን የሚያውቅለት የለም። ጥሪ ሲደረግ አይሰማም፤ ቢሰማም ሶፍትዌሩን የሚጭንለት መሣሪያ በአቅራቢያው የለም። ያገለገለ ሃይብሪድ የሚገዛ ሰው ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት በሻንሲ ቁጥሩ አማካይነት መኪናው ያልተፈጸመ ጥሪ እንዳለው በአምራቹ ድረ ገጽ ላይ መጠየቅ ይችላል። ነፃ ነው፤ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ይፈጃል።

የኡላንባታር ነገር

የሞንጎሊያ ዋና ከተማ ኡላንባታር ከጃፓን በመጡ ያገለገሉ ፕሪየሶች ትታወቃለች። መንግሥት ለሃይብሪዶች የቀረጥ ማበረታቻ ሰጥቷል፤ ክረምቱ ብርዱ ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ በሚደርስበት ከተማም መኪናው ተመራጭ ሆነ። እዚያ አንድ ዓይነት መኪና በብዛት ስለገባ መለዋወጫውም ባለሙያውም ተከትሎት መጣ። ይህ ሊጤን የሚገባው ነጥብ ነው፤ የጥገና ዕውቀት የሚበቅለው ብዙ ተመሳሳይ መኪና ባለበት ነው። ያረጁት ባትሪዎች የት ይጣላሉ የሚለው ጥያቄ ግን ከእነርሱም አልራቀም።

በእኛ አገር ያለው ሁኔታ የተገላቢጦሽ ነው። ጥቂት ሃይብሪዶች፣ ብዙ ዓይነት የኤሌክትሪክ መኪኖች ከብዙ አምራቾች ይገባሉ። አንድ መካኒክ የአንዱን ሲለምድ ሌላ ይመጣበታል። የኤሌክትሪኮቹ ባትሪ ሊቲየም በመሆኑም የሚይዙት ጉልበት ከፕሪየሱ 1.3 ኪሎዋት-ሰዓት በአርባና በሃምሳ እጥፍ ይበልጣል፤ ሴሎቹ ከተጎዱም ሙቀቱ ከአንዱ ወደ ሌላው ተዛምቶ እሳት ሊሆን ይችላል። ሃይብሪድ ላይ የተሳሳተ ሰው የሚማርበት ዕድል ያጋጥመው ይሆናል፤ እዚህ ግን ዕድሉ እየጠበበ ነው።

መፍትሔው መካኒኩን ከሥራው ማራቅ አይደለም። ክፍተቱ የሚሞላው ሦስት ነገሮች አብረው ሲገኙ ነው፤ ማቋረጥን፣ መጠበቅንና መለካትን እንደ ጸሎት በቅደም ተከተል የሚያስተምር ሥልጠና፤ የ14ቱን ጥንዶች ቮልቴጅ ለየብቻ የሚያሳይ ስካነርና የሽፋን ሙግደት መለኪያ፤ በጋራዡ ውስጥም ይህን የሚያዝና «ዛሬ ለብቻህ አትንካው» ለማለት ሥልጣን ያለው ኃላፊ። ከሦስቱ ጓንቱና ስካነሩ በገንዘብ ይገዛሉ። ሦስተኛው ግን የሚገኘው ባለጋራዡ አንድ ሥራ ቢያመልጠው ይሻላል ብሎ ሲቆርጥ ነው።

ገዢም የድርሻውን ማድረግ ይችላል። መኪናውን ከማየቱ በፊት ጋራዡን ይይ። «ሃይብሪድ ትሠራላችሁ?» ብሎ ቢጠይቅ «አዎ» የማይለው የለም፤ ስለዚህ የሚከተለውን ይጠይቅ፦ መሰኪያውን ከነቀላችሁ በኋላ ምን ትለካላችሁ? ጓንታችሁን አሳዩኝ። የኮምፕሬሰሩ ዘይት ምን ዓይነት ነው? ከዚያም መኪናው በስካነር ተያይዞ፣ ረጅም አቀበት ላይ፣ ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ለምሳሌ፣ ሲወጣና ሲወርድ የ14ቱ ጥንዶች ቮልቴጅ አብሮ እንዲመዘገብ ይጠይቅ። ጤናማ ባትሪ ከሆነ አሥራ አራቱም መስመሮች እንደ አንድ ገመድ አብረው ይወርዳሉ፣ አብረው ይወጣሉ። አንዱ ከሌሎቹ ቀድሞ ከወረደና ሲሞላም ቀድሞ ከዘለለ፣ ሻጩ ምንም ቢል፣ ከዋጋው ላይ የባትሪው ዋጋ መቀነስ አለበት።